እመት ውርጭ ቆቦ የሰነበተችበት ገና

ስለ ብርድ የተጻፈ መጽሐፍ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ነው መነበብ ያለበት። ሞክሬው ነው የምልህ። አዲስ አበባ ሆኜ ስጀምረው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስለ ብርድ ማንበብ መዝናናት ሳይሆን ሥራ መሰለኝ። ቆቦ ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ከዞብል ተራራ በኩል ትንሽ ነፋስ ይመጣና ሰው ጋቢ ይደርባል። ረፋዱ ላይ ጋቢው ይወልቃል። ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ነው። በርጩማህን ይዘህ ግድግዳ ሥር ትቀመጣለህ። ገጹን ስትገልጥ ጢሙ በረዶ የሠራ ከንቲባ ይመጣልሃል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ቆይ፣ መጽሐፉን ላስተዋውቅህ። ርዕሱን አትጠይቀኝ፤ ሽፋኑ እኔ እጅ ሳይገባ ተገንጥሎ ሄዷል። አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ከሚዘረጋ ሰው የገዛሁት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ቁም ነገር የለውም ብለህ ልትተወው ትችላለህ። እኔም ልተወው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራራ ሥር ያለች አንዲት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ብርድ አየር አይደለም፤ ሰው ነው። አሮጊት ናት። በየዓመቱ በትልቁ በዓላቸው ዋዜማ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። በተራ አንድ ቤት ታርፋለች፤ ቤቱም ያበላታል፣ ያስተኛታል። በዓሉ ሲያልፍ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ፀሐይም ትመለሳለች። እኔ በአማርኛ እመት ውርጭ አልኳት።

በዚህ ዓመት ተራው የደረሰው አንድ ድሃ ደወል ደዋይ ነው። ሾርባው ጣፈጣት። አልሄድም አላለችም፤ ዝም ብላ ሻንጣዋን ፈታች። በዓሉ አለፈ። ፀሐይ የለም። ነፋስ በየት በኩል እንደሚነፍስ እንዲያሳይ ጣሪያ ላይ የተተከለው የብረት አውራ ዶሮ ሳይቀር ወርዶ ምድጃ ዳር ተቀመጠ። ውጣ ቢሉት፣ «ነፋሱ በሁሉም በኩል ነው፤ ይኸው ነገርኳችሁ» አለ።

እንግዲህ እመት ውርጭን «በቃሽ፣ ሂጂ» የሚላት ሰው ያስፈልጋል። ማን ይንገራት? መጽሐፉ በሙሉ ይኸው ነው። መጀመሪያ ከንቲባው ይገባል። ሽንኩርት ስትልጥ ያገኛታል። «እስኪ ያዝልኝ» ትለዋለች። ሽንኩርት ልጦ፣ ዓይኑ አልቅሶ፣ ሾርባ ጠጥቶ ይወጣል። ደጅ የሚጠብቀው ሕዝብ ዓይኑን አይቶ «ነገራት» ብሎ ያጨበጭባል። ቀጥሎ ድብ ይልካሉ። ድቡ የተማረ ነው፣ ኮፍያ አለው፣ ንግግሩን በቃሉ አጥንቷል። ከቤቱ የሚወጣው ግን የሱፍ ክር ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ ነው፤ ስታጠነጥን ያዥ አድርጋዋለች።

ድቡ ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ወዲያው ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልክ አትለኝም? መሳቅ በማይገባኝ ቤት ነበርኩ።

ቆቦ የሄድኩት ለመርዶ ነው። የአክስቴ የዘነበች የመጨረሻ ልጅ ሞገስ፣ በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ። ይህን መንገድ ከቆቦ እስከ ጎብዬ የማያውቅ ወጣት የለም። ሞገስ ባሕሩን አላየውም። አብሮት የነበረ የዋጃ ከተማ ልጅ ነው ለታላቅ ወንድሜ ደውሎ የነገረው። ውሃ ጠፋ አለ። አሸዋ ውስጥ ቀበርነው አለ። ቀኑን ሲጠይቀው አላውቅም አለ፤ እዚያ ቀን አይታወቅም።

አክስቴ አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ደንብ አለው። ዘመድ ከያለበት ይጠራል። ሽማግሌ ይመረጣል። ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል። ደግፈው የሚይዟት ሴቶች በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ሌላም ደንብ አለ፦ መርዶ በበዓል አይነገርም። ገና ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ «በዓሉን ትዋልና» ተባለ። ዘመድ ግን ቀድሞ ተጠርቶ ስለነበር እኔ ከአውቶብስ ወርጄ በሯ ላይ ቆምኩ። ምን እግር ጣለህ አለችኝ። ለገና ነው አልኳት። ትንሽ አየችኝና «እሰይ፣ ግባ» አለች።

እስኪ አስበው። ሁሉም ያውቃል፣ እናትየዋ ብቻ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ አሳባቂ ነው። አንዱ ቀና ብሎ አያያትም። ሌላው ቶሎ ቶሎ ያወራል። እኔ ፊቴን የምደብቅበት መጽሐፍ ነበረኝ። ሰው ለዕውቀት ያነባል ይሉሃል፤ እኔ ያነበብኩት ለመከለል ነው። ችግሩ መጽሐፉ የሚያስቅ መሆኑ።

እና ሳቄን ሰማች። የምታበጥረውን ማሽላ በሰፌዱ እንደያዘች መጣች። ምን አሳቀህ አለችኝ። ምን ልበላት? ስለ ድቡ ነገርኳት። ድብ ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ ጠየቀች። ከጅብ የሚበልጥ፣ ከሰው የማይሻል አልኳት። ሰፌዱን አስቀምጣ ከጎኔ ተቀመጠች። «በል ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። የቤቱ ሰዎች ከአውድማ ሲመለሱ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አወራላታለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ቀላል አድማጭ እንዳትመስልህ። ነጩ ነገር ከሰማይ ሲወርድ ልጆቹ በደስታ ወደ ውጭ ሮጡ ብዬ ገና ሳልጨርስ አስቆመችኝ። ማሽላቸውስ? አለች። እሷ የምታውቀው ከሰማይ የሚወርድ በረዶ ያሸተ ማሽላ የሚያረግፈውን ነው። የእነሱ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው አልኳት። ደግሞም ማሽላ አይዘሩም። «ታዲያ ምን በልተው ነው የሚደሰቱት?» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው አንድ ገጽ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ጥጥ ካልኩ ዘንዳ፣ በዚያው ሰሞን አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ካፌ የፕላስቲክ ጥድ በሩ ላይ አቁሞ፣ በረዶ ይምሰል ብሎ ጥጥ በትኖበት ነበር። እንደ አዲስ አበባ ካፌዎች መሆኑ ነው። ከገበያ የመጣች አንዲት ፍየል ጥጡን ከላይ እስከ ታች ለቅማ በላችው። ባለ ካፌው ሲያባርራት ባለቤቷ ቆጣ ብሎ፣ ሆዷን ቢያማት ተጠያቂው አንተ ነህ አለው። ይህንን ለአክስቴ ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ፍየሏ እመት ውርጭን በላቻት አለች።

እመት ውርጭን ግን ትወዳት ነበር። ወገኗ ሆና ቀረች። እኔ የከተማውን ሰዎች ደግፌ፣ እንግዳ እኮ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል አልኳት። «ብረትም ቢሆን ቤት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም» አለችኝ።

ገና ደረሰ። በግ ታረደ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ ዋሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ማንም ማንንም አልተቆጣም። አክስቴ ለሁሉም እየዞረች አጎረሰች። ያንን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኩት አትጠይቀኝ።

አሁን ሁለቱን ሽማግሌዎች እወቃቸው። አንደኛው ሐጂ ይማም ናቸው፤ ግቢያቸው ከአክስቴ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል፣ ከሟች ባሏም ጋር አንድ ቅሬ ነበሩ። ቅሬ እዚህ እድር የምትለው ነው፤ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ የጎረቤት ማኅበር፣ እስላም ክርስቲያን የማይል። ሁለተኛው አያ በሪሁን ናቸው። አያ በሪሁን መርዶ ነጋሪ ናቸው። ይህ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ቃል አያበዙም፣ ስለዚህ ሰው እሳቸውን ይለምናል። የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው። መርዶ ይዞ የሄደ ሰው የዚያን ቤት እህል አይቀምስም። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ከቀመሰ መርዶው ይመለሳል፤ ሌላ ቀን ነው። የቤቱን እህል እያላመጡ ቤቱን ማፍረስ ነውር ነዋ።

በገና ማግስት ጎሕ ሲቀድ መጡ። ሴቶቹ ጎረቤት ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። እኔ ነቅቻለሁ። አክስቴ በሩን ከፈተች። አያ በሪሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። 

አክስቴ ግን ቀደመቻቸው። እንኳን መጣችሁ፣ ይህ ልጅ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሶልኛል፣ ቁጭ በሉና እናንተም ስሙ አለች። የማሽላና የሽምብራ ቆሎ በሰሃን አምጥታ መሐል አስቀመጠች። «አንብብ» አለችኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ? ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። አያ በሪሁን በዓይናቸው «እስኪ ትንሽ» አሉኝ።

አነበብኩ። ድቡ ስላልተሳካለት ከተማው የእመት ውርጭን የወንድም ልጅ፣ ነፋስን ይልካል። ሥጋዋ ነው፣ እሱን ትሰማዋለች ብለው። ነፋስ በሩን በርግዶ፣ እየተቆጣ ይገባል። እሷ በመሐረብ አፍንጫውን ትጠርግለታለች፣ ከስቷል ትላለች፣ እሳቱን እፍ በልልኝ ትለዋለች። እፍ ሲል ይውላል።

ሐጂ ይማም እዚህ ላይ አላስቻላቸውም። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሽማግሌ አላቸው አሉ። «ዘመድ ይላካል እንዴ? ዘመድ አንጀት አለው። የሚላከው ባዳ ነው፤ ቆሞ የሚናገር፣ እህል የማይቀምስ።» ይህን እያሉ እጃቸው ወደ ሰሃኑ ሄደ። እያስረዱ ዘገኑ። እያስረዱ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

አያ በሪሁን ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ሐጂ አዞሩ። ሐጂ ማኘክ አቆሙ። ግን አልቋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ቆሎ ደግሞ መልሶ ያስገባዋል።

ልሸኛቸው ወጣሁ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አያ በሪሁን፣ «ሐጂ፣ ጥርሴ ቆሎ አይችልም ብለውኝ አልነበር እንዴ?» አሉ። ሐጂም፣ «ተወኝ እስኪ። ያ ነፋስ የሚባለው ጅል ነው ያበላኝ» አሉ። ከጎረቤት ቤት ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ቀን ቆጥረው ተመለሱ። ሐጂ በዚህኛው ጊዜ ትከሻቸው ላይ የሚጥሉትን ሽርጥ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ነው የመጡት፤ ጉንፋን ይዞኛል አሉ። አክስቴ ቆሎውን አስቀመጠች፣ እኔ አነበብኩ፣ የከተማው ሰዎች ለብረቱ አውራ ዶሮ ሹመት ሰጥተው ላኩት፣ አውራ ዶሮውም እመት ውርጭ እግር ሥር እንቁላል ልጣል ብሎ ሲታገል ዋለ። አያ በሪሁን፣ መርዶ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይንቀጠቀጠው ሰውዬ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁን ለማፈን አፋቸው ላይ አንድ ነገር ማድረግ ነበረባቸው። ያደረጉት ቆሎ ነው።

ሐጂ በሽርጣቸው ውስጥ ሆነው አዩዋቸው። መርዶው ዳግም ተመለሰ።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ኮራሁ። አትፍረድብኝ። ይህ ርዕስ እንኳ የሌለው መጽሐፍ ሞትን በር ላይ አቁሞታል ብዬ አሰብኩ። አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ሊሞላው በደረሰ ጊዜ ውስጥ ሳትደማ እየሳቀች እየዋለች ነው፤ እኔ ነኝ የማስቃት። ስለ ሥነ ጽሑፍ ኃይል አንድ ጽሑፍ በልቤ ጀመርኩ። ከዚያ ማታ ስተኛ ደግሞ ሌላው ሐሳብ ይመጣል፦ ልጇ አሸዋ ውስጥ ነው፣ እኔ ድብ እያወራሁላት ነው። ማልቀስ የእሷ ሀብት አይደለም እንዴ? እኔ ማን ሆኜ ነው የምከለክላት?

ጥምቀት ቀረበ። አሁን ደግሞ በበዓል አይነገርም። ሐጂ ይማም ባጃጆች የሚቆሙበት አገኙኝና ክንዴን ያዙ። «አንተ ልጅ፣ ስንት ገጽ ቀረው?» አሉኝ። ትንሽ ነው አልኳቸው። ፈጠን ፈጠን አድርግ፤ የክርስቲያኑ በዓል ሲያልቅ የእኛ ይገባል፣ እንዲህ ከሆነ ይህች ሴት ልጇን መቼ ታልቅስ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፊታቸው ከሰል መስሏል። ክንዴን ለቀው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመለሱ። «ድቡን ግን እንዳትዘልለው» አሉ።

ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። ከተማው ዘፍኖ ዘፍኖ ደከመው። የሮቢትና የጎብዬ ዘመዶች ወደየቤታቸው ተሳፈሩ። ከዚያ አንድ ቀን አለፈና ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ።

አክስቴ እንደ ልማዷ አስቀመጠቻቸው። የቀረውን ጨርስልን አለችኝ። የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

የከተማው ሰው በሙሉ ደወል ደዋዩ በር ላይ ተሰልፏል። እያንዳንዱ የሚናገረውን በሹክሹክታ ይለማመዳል። ከንቲባው ድቡን ቅደም ይለዋል። ድቡ አውራ ዶሮውን ቅደም ይለዋል። አውራ ዶሮው የሚቀድመው አጥቶ ራሱን ቅደም ይላል። በዚህ መሐል በሩ ይከፈታል። እመት ውርጭ ኮፍያዋን አድርጋ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ሕዝቡ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። እሷ ወደ ደወል ደዋዩ ዞር ብላ፣ ሾርባው ዛሬ ጨው በዝቶበታል ትላለች። ይህን ሰበብ አድርጋ መንገዷን ትሄዳለች። ፀሐይ ትወጣለች። ከንቲባውም ዞር ብሎ፣ አያችሁ እንዴት አድርጌ እንደነገርኳት ይላል።

ሐጂ ይማም ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አያ በሪሁንም እንደዚያው። እኔም መጽሐፉን አጥፌ ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ታዲያ በመጨረሻ ማን ነገራት አሉ። ማንም አልኳቸው።

«ድሮም ታውቃለች» አለች አክስቴ። አልሳቀችም። «ሊነግሯት የሚመጡት ሰዎች አሳዝነዋት ነው።»

ሳቃችን ቆመ። ያን ጊዜ ነው መሐላችን ሰሃን አለመኖሩን ያየሁት።

«ዛሬ ቆሎ አልቆላሁም» አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። «አያ በሪሁን፣ ይነሱና ቆመው ይንገሩኝ።»

አያ በሪሁን ተነሱ። ነገሯት።

የዚያን ጠዋት ጩኸት በወግ አይጻፍም፤ አልፈዋለሁ።

ከሰልስቱ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ድምጿ ጠፍቷል፤ በትንፋሽ ነው የምታወራው። መቼ ነው ያወቅሽው እትዬ አልኳት። «አንተ ከአውቶብስ ስትወርድ» አለችኝ። «አንተ መቼ ለገና መጥተህ ታውቃለህ?»

ለካ መጽሐፍ ተሸክሜ የሄድኩ መስሎኝ ነው እንጂ መርዶው ራሴ ነበርኩ። በራሴ እግር ሄጄ፣ በሯ ላይ ቆሜ፣ ተነግሬአለሁ። ያ በልቤ የጀመርኩት ስለ ሥነ ጽሑፍ ኃይል የሚያወራ ጽሑፍ እዚያው ምንጣፍ ላይ ቀረ።

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ? ብዬ ጠየቅኳት። ቀን የለውማ አለችኝ። የሞተበት ቀን አይታወቅም። ቀኑ ካልታወቀ ሙት ዓመቱ የሚቆጠረው መርዶው ከተነገረበት ነው። በገና ማግስት ብሰማ ገና የእኔ ሆኖ ሊቀር ነው አለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገና በመጣ ቁጥር በሬን እያየ ድምፁን ሊቀንስ። ጎረቤት በግ ሲያርድ እኔን ይቅርታ ሊጠይቀኝ። ከጥምቀት በፊትም ብሰማ እንደዚያው። ሞገስ ደግሞ ጥምቀትን ይወድ ነበር፤ ከሆታው ፊት ማንም አይቀድመውም ነበር። «የሚወደው ቀን ላይ አልቀብረውም አልኩ» አለች። «ሽማግሌዎቹን ደግሞ በምን ልያዝ? እግዜር ድቡን ላከልኝ።»

ስትስቅ የነበረውስ? እሱን አልጠየቅኳትም። ራሷ ነገረችኝ። ሳቁስ የእውነት ነበር አለች፤ ድቡ እኮ ያስቃል።

ሐጂ ይማም ከማዶ ጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። አክስቴ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእናንተን በዓል ግን ከሐዘኔ ላተርፈው አልቻልኩም። ቦታ አይዝም። እየዞረ እየዞረ አንድ ዓመት ሙት ዓመቱ ላይ ይወድቃል።»

 ሐጂ መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሲወድቅ ይውደቅ» አሉ። «ያን ዓመት እኛ ቤት መጥተሽ ታለቅሻለሽ።»